ክብደት ሳይጨመር ንዝረትን መግታት፦ በአዳማ የሠራሁት ሙከራ

ንዝረት ሲያስቸግር ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ክብደት መጨመር ወይም ጎማ ማንጠፍ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ በሠራሁት ሙከራ ለተማሪዎች ለማሳየት የፈለግሁት ግን፣ ቁሱ ሳይለወጥ የአሰላለፉን ሲሜትሪ (የአደራደሩን ተመሳሳይነትና ሚዛን) በመለወጥ ብቻ ንዝረት የሚያልፍበትንና የሚታገድበትን መወሰን እንደሚቻል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የስፔን ተመራማሪዎች ማድሪድ የሚገኘውን የአርቲስቱን የኤውሴቢዮ ሴምፔሬን ቅርፃ ቅርፅ በመለካት፣ በእኩል ርቀት የቆሙት የብረት ቱቦዎች 1,670 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ እንደሚያዳክሙ አሳይተዋል፤ የእኔም መነሻ ይኸው ነበር።

ከብረታ ብረት ሱቅ ባገኘሁት ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ተመሳሳይ ዳዶዎችን በየ4 ሳንቲ ሜትር አጣበቅሁ። ዘንጉን በክር አንጠልጥዬ አንዱን ጫፍ ከስፒከር ጋር በማገናኘት፣ የድምፁን ድግግሞሽ (በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር) በስልክ አፕሊኬሽን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግሁ ከላይ የበተንኩትን ጤፍ ተከታተልኩ። ቀጥሎ እነዚያኑ ዳዶዎች 3 እና 5 ሳንቲ ሜትር እያፈራረቅሁ መልሼ አጣበቅኋቸው። ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ ንዝረት በነፃነት ያልፍበት በነበረው የድግግሞሽ ክልል መሃል የታገደ ክልል ተከፈተ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጣዩ ነው። የዘንጉን ግራና ቀኝ እንደ መስታወት ምስል አድርጌ፣ ሁለት 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተቶች መሃል ላይ፣ ማለትም በሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ፣ እንዲጎራበቱ አደረግሁ። በታገደው ክልል ውስጥ ባለ አንድ ድግግሞሽ ላይ፣ ስፒከሩ አጠገብ ያለው ጤፍ ዘለለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ግን እንደገና እየተፈናጠረ ከዘንጉ ረገፈ። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሱ፣ ሽሪፈርና ሂገር በ1979 እ.ኤ.አ. ፖሊአሴቲሊን ለተባለው የሰንሰለት ሞለኪውል ያቀረቡት ሐሳብ፣ ማለትም የማፈራረቁ ቅደም ተከተል በሚገለበጥበት ቦታ ላይ ብቻ የሚወሰን ሁኔታ እንደሚፈጠር፣ በዳዶና በጤፍ ሲታይ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ይህን መሥራት ለሚፈልግ፣ የክፍተቶቹ ልኬት ትክክለኛነት ከዘንጉ ጥራት ይበልጣል፤ ሙጫውም ንዝረትን ስለሚመጥ በየዳዶው እኩልና ጥቂት ይሁን። ከመጋጠሚያው የራቀን ዳዶ ትንሽ ማንቀሳቀስ ውጤቱን ብዙም አይለውጠውም፤ መጋጠሚያው ላይ ክብደት ከተጨመረ ግን ጤፉ የሚፈናጠርበት ድግግሞሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሲሜትሪ የንዝረቱን ቦታ አጽንቶ ይይዛል ማለት፣ ድግግሞሹም አይነካም ማለት አይደለም፤ መሐንዲስ ሁለቱን ለየብቻ መለካት አለበት።