የዝምተኞች ጠበቃ

እማዬ በሥራዬ ተስፋ ቆርጣለች። በእሷ ቤት ጠበቃ ማለት ዳኛ ፊት ቆሞ የሚሟገት ሰው ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የሰው የሕክምና መዝገብ አነባለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ፍርድ ቤት አልሄድሽም?» ትለኛለች ማታ ወደ ቤታችን፣ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ። አልሄድኩም። እኛ ዘንድ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ነው።

የአሜሪካ ጦር የቀድሞ አባላት የአካል ጉዳት ካሳ ጠይቀው ሲከለከሉ ይግባኝ እልላቸዋለሁ። ሦስት ነገር ማሳየት ይጠበቅብኛል፦ ዛሬ ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ነገር፣ ከዚያም ሁለቱ መያያዛቸውን። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው በተለይ በድሮዎቹ ዘማቾች ላይ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የመዝገብ ማከማቻ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደር ፋይል ወድሟል። የኮሪያ ዘማች ሲደውልልኝ ገና ስሙን ሳልጠይቀው ይሄ እሳት ትዝ ይለኛል። ሦስተኛው ግን የባሰ ነው። እንጀራዬም ያለው እሱ ላይ ነው።

ዛሬ ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ናቸው። በወጣትነታቸው አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ አገልግለዋል። አሜሪካኖች እስከ 1977 ድረስ እዚያ ነበሩ። የእሳቸው ሥራ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው የሌላ አገር ሬዲዮ መጥለፍ ነበር። መጀመሪያ የተደዋወልን ቀን ስሜን ሲሰሙ «ሰላም፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ። ከዚያማ ስለ አስመራ ማኪያቶ ብቻ ስናወራ ቆየን። በሰዓት ባስከፍል ኖሮ ኪሳቸው ተራቁቶ ነበር።

ደግነቱ በሰዓት አናስከፍልም። ከተረታን ምንም የለም። ከረታን ብዙ ጊዜ ከውዝፉ ክፍያ 20 በመቶ እንወስዳለን። ድሮ ይሄም አልነበረም። ከ1864 ጀምሮ፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ማለት ነው፣ ጠበቃ ለአንድ ጉዳይ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል በሕግ ተከልክሎ ነበር። ያ ገደብ የተነሣው በ1988 ነው! የእነሱን ይግባኝ የሚሰማ ልዩ ፍርድ ቤት የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ካሳውን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይሆንም ካለ አለቀ፤ ዳኛ ዘንድ አቤት ማለት የለም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እየተባለ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። የእኔ ፈልቷል።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ጆሯቸው ይጮኻል። ቀንም ሌሊትም፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ። የመረመራቸው ሐኪም የጻፈው ግን አንድ መስመር ናት፦ በአገልግሎት ጊዜ መዝገብ ላይ የጆሮ ጩኸት አልተጠቀሰም፣ ስለዚህ ከአገልግሎቱ ጋር አይያያዝም። ያኔ ለምን ክሊኒክ እንዳልሄዱ ጠየቅኳቸው። «በሃያ ዓመቴ ጆሮዬ ጮኸ ብዬ? ጓደኞቼ ሙድ ይይዙብኛላ!» አሉኝ።

ሕጉ እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነው። መዝገብ ላይ የለም ተብሎ ብቻ የሰው ቃል አይጣልም። ጆሮው መጮሁን ከባለ ጆሮው በላይ የሚያውቅ የለም። ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎማል። በትምህርት ቤት ካጠናኋቸው ሕጎች ይሄን ያህል ደግ የሆነ አላስታውስም። ችግሩ ዳኛ የሚመዝነው የተጻፈውን ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው የኖሩ ናቸው።

ባለቤታቸውን አናገርኳቸው። «ከተጋባን ጀምሮ ሬዲዮ ሳይከፈት ተኝቶ አያውቅም» አሉኝ። ዜና ነው? ሙዚቃ? «አይደለም። በሁለት ጣቢያ መሀል ያለውን ሽሽሽ የሚለውን ነው። ጩኸቱን ይሸፍንለታል።» ይሄን ለማንም ተናግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩ። ማንም አልጠየቃቸውም። በእጃቸው ጻፉት፣ አንድ ገጽ፣ ፈረሙበት። ዛሬ ጠዋት ውሳኔው መጣ፤ ረታን። ለጆሮ ጩኸት የሚሰጠው የጉዳት መጠን 10 በመቶ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ጆሮ ቢጮህ ከዚያ አያልፍም። ሽማግሌው ግን በስልክ የሳቁት ሳቅ የ100 በመቶ ነበር።

የእኛ ልጆች ደግሞ ይብሳሉ። ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱ ሐበሾች አሉ፣ አንዳንዶቹን ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ። ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲለው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል ልጁ፣ እናቱ እንዳሳደገችው። ሐኪሙም ደህና ነኝ ብሏል ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ክልከላው ይመጣል፣ ደብዳቤው መሳቢያ ይገባል። ውሳኔው ከተላከ በኋላ አንድ ዓመት ዝም ከተባለ እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ ክፍያው የሚቆጠርበት የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ግን ይሄዳል። ውዝፉም አብሮት። በ2022 የወጣው ሕግ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ ለተነፈሱት ብዙ ሕመሞችን ከአገልግሎቱ እንደመጡ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ያ ክፉ ሦስተኛ ማስረጃ እንኳ ቀርቶላቸዋል። ግን ማን ጠይቆ!

አንዱ ዛሬ ከሰዓት ቢሮዬ መጣ። ጉልበቱ ነው።

«ደረጃ ትወጣለህ?»

«ኧረ እወጣለሁ እቴ።»

«መደገፊያውን ሳትይዝ?»

ዝም አለ። «ይዤ ነው እንጂ። አንዳንዴም ቁጭ ብዬ አርፋለሁ።»

«እሱን ጻፈው።»

«ሚስቴ ብትጽፈው አይሻልም? እሷ ማጋነን ትወዳለች።»

ስልኳን ተቀበልኩት።