ፊኛ በድሬ ፀሐይ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ለልደትም ለምርቃትም ግቢ ሲጌጥ ፊኛ በፈነዳ ቁጥር «ፀሐዩ ነው» ይባላል። ፀሐዩ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሲነፋ ነው።

12 ኢንች የተባለ ፊኛ 12 ድረስ ከተነፋ ላስቲኩ ከዚያ ወዲያ የሚለጠጥበት የለውም። ውስጡ ያለው አየር ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል። በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተነፋ ፊኛ ውጭ ወጥቶ አየሩ 45 ቢደርስ መጠኑ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥግ ድረስ ለተወጠረ ላስቲክ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ ለድሬ ከ10 ኢንች አላሳልፍም። ካርቶን ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቆርጦ እያንዳንዱን በዚያ መለካት ነው፤ አላልፍ ያለው ሳይታሰር ይተንፍስ። ካርቶን ከሌለ አንገቱን ማየት ይበቃል፦ እንደ አቮካዶ ወደ አንገቱ ከሾጠጠ ከልክ አልፏል። ክብ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ለስለስ ማለት አለበት።

ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ሙቀት ስለሚሰበስቡ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ነጭና ፈዛዛ ቀለም ይቆያል። ጥቁር የግድ ከሆነ በጥላ በኩል ይታሰር። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ደግ ነው፣ ግን ጥላ ይሄዳል። ድግሱ 9 ሰዓት ከሆነ በ9 ሰዓት ጥላው የት እንደሚያርፍ በዋዜማው ማየት ያስፈልጋል።

ፀሐይ ላይ የዋለ ፊኛ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ደብዝዞ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። አቧራ አይደለም፤ ላስቲኩ በፀሐይና በአየር እየተበላ ነው። መወልወል አይመልሰውም። ቫዝሊን ወይም ሎሽን የነካ እጅም ላስቲክ ያበላሻል፤ ከመንፋት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ነፋስ ሲመጣ ረጅም ክር ጠላት ነው፤ ፊኛው እየተወዛወዘ የግራር እሾህ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ወይም የሽቦ ጫፍ ያገኛል። ከአንገቱ አሳጥሮ ማሰር ይሻላል። የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው መልቀም ያስፈልጋል፤ ሕፃን ያንቃል፣ ፍየልም ትበላዋለች።

ወደ ሐረር የሚሄድ ፊኛ ሌላ ነገር አለው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ በደንገጎ ሽቅብ ወጥቶ ሐረማያ ላይ 2000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከፍታው ሲጨምር የውጭ አየር ግፊት ስለሚቀንስ ፊኛው ያብጣል፤ የመኪናው ውስጥ ከሞቀ ይብስበታል። ፓምፑን ይዞ ወጥቶ እዚያው ሐረር መንፋት ይሻላል።