በ70 ዓመቱ "በቃህ" የተባለው አሰልጣኝ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በኩል አለፍኩ። ሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት ያለበት ቦታ ድሮ ስታግ ፊልድ የሚባል ስታዲየም ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1942 ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር በተሠራው የመጀመሪያው የኒውክሌር ሪአክተር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እኔን የያዘኝ ግን ስታዲየሙ የተሰየመለት ሰውዬ ነው። ስለ እሱ ሳነብ አመሸሁ።

አሞስ አሎንዞ ስታግ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማር ሐሳቡ ሰባኪ መሆን ነበር። በኋላ ወጣቶችን በስፖርት ማነጽን መረጠ። ስፕሪንግፊልድ በሚባል ከተማ የአሜሪካ ፉትቦል ሲያሰለጥን ከተጫዋቾቹ አንዱ ጄምስ ናይስሚዝ ነበር፤ ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ራሱ! ማርች 1892 እዚያው መምህራንና ተማሪዎች በቅርጫት ኳስ በሕዝብ ፊት ሲጋጠሙ ተማሪዎቹ 5 ለ 1 አሸነፉ። የመምህራኑን ብቸኛ ነጥብ ያገባው ስታግ ነው። በ1896 ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ልጆቹ አዮዋ ድረስ ሄደው በየቡድኑ አምስት አምስት ሆነው ቅርጫት ኳስ ተጫውተው 15 ለ 12 አሸነፉ።

ቺካጎ ላይ 41 የአሜሪካ ፉትቦል ወቅት አሰለጠነ። 70 ሲሞላው ጡረታ ውጣ ተባለ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት የዋለ ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ ስላየሁ እዚህ ጋ ስደርስ ሆዴ ተላወሰ። ስታግ ግን ሻንጣውን ሸክፎ ካሊፎርኒያ፣ ፓሲፊክ ኮሌጅ ገባ። 14 ወቅት ሠራ። በ1943፣ በ81 ዓመቱ፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ከዚያም ፔንሲልቫኒያ ሄዶ ከልጁ ጋር አሰለጠነ። ያረፈው በ102 ዓመቱ ነው።

ነገ ለአባቴ ደውዬ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። የሰፈራችን ልጆች አሰልጣኝ ሲፈልጉ ከርመዋል፤ እሱ ደግሞ ኳስ ያውቃል።