ገንዘቡ ካጠረ የኋላውን ብቻ ቀይሩ፦ ለሥራ መመላለሻ ኮርስ ብስክሌት ቸርኬ ስለመምረጥ

ለመመላለሻ ኮርስ ብስክሌት የተሻለ ቸርኬ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ክብደቱን ነው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ግን ክብደቱን ትታችሁ የኋላውን ሙሉ ቸርኬ ብቻ ጠንካራ በሆነ ቀይሩ ባይ ነኝ። የፊተኛው ሳይወላገድ የሚዞርና የፍሬን ጎማ የሚይዘው ገጹ ያልተበላ ከሆነ ገና ብዙ ያገለግላል።

ኋላው ቶሎ የሚጎዳው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ከሰውየው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ የፔዳሉም ጉልበት ወደዚያው ይሄዳል። በቀኝ በኩል ካሴቱ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የኋላ ጥርሶች ስብስብ፣ ቦታ ስለሚሻማ የቀኝ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ቆመው በኃይል ይወጠራሉ፤ የግራዎቹ ውጥረት ደግሞ ከዚያ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ውጥረቱ ያነሰ ሽቦ በየዙሩ ከመሬት በኩል ሲደርስ ይረግባል፣ ሲያልፍ መልሶ ይወጠራል። ይህ መመላለስ ብረቱን ያደክመውና ሽቦው ሞዞው (የቸርኬው እምብርት) ላይ በታጠፈበት ክርኑ ይበጠሳል። ስለዚህ ሽቦ ሲበጠስ "ከመጠን በላይ ጠብቆ ነው" ብሎ ሌሎቹን ማላላት ችግሩን ያብሰዋል።

ስለ ክብደት ሒሳቡን እንየው። ከቸርኬው ዳር 300 ግራም ቢቀነስ፣ የሚሽከረከር ስለሆነ ፍጥነት ለመጨመር ከሚወስደው ጉልበት አንጻር እንደ 600 ግራም ይቆጠር። ብስክሌቱና ሰውየው አንድ ላይ 90 ኪሎ ከሆኑ ቅናሹ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም። ለስላሳና ጥሩ ጎማ የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ ይበልጣል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው።

የሽቦ ብዛት 32 ይሁን። ቀለል ላለና ሻንጣ ለማይጭን ሰው 28 ይበቃል። በ20 ወይም በ24 ሽቦ የተሠራ ቸርኬ ላይ አንድ ሽቦ ቢበጠስ ቸርኬው ወዲያው ተጣሞ ፍሬኑን ይነካል፤ በ32ቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፍሬኑን ትንሽ አላልቶ ቤት መድረስ ይቻላል። ሽቦው ጫፍና ጫፉ 2.0፣ መሃሉ 1.8 ሚሊሜትር የሆነው ይመረጣል። ቀጭኑ መሃል ስለሚለጠጥ ክርኑ ላይ የሚደርሰውን ጫና ይቀንሳል፤ ክብደቱ መቅለሉ ትርፍ ነው። ሽቦውን የሚያጠብቁት ትንንሽ ዳዶዎች የነሐስ ይሁኑ፤ የአሉሚኒየሞቹ በዝናብና በጭቃ ይበላሉ፣ ከዚያ ሊስተካከሉ ሲነኩ ይሰበራሉ። ቸርኬው ባለ ሁለት ግድግዳ፣ የውስጥ ስፋቱ ከ17 እስከ 19 ሚሊሜትር ቢሆን ከ25 እስከ 32 ሚሊሜትር ያለውን ጎማ በደንብ ይሸከማል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ ከሆነ ካርቦን አትግዙ፤ በዝናብ ፍሬን አያያዙ ይደክማል፣ በረጅም ቁልቁለት ደግሞ ሙቀት ይጎዳዋል። ጎማውን የሚይዝ መንጠቆ ዳሩ ላይ የሌለውንም እለፉት፤ ከ5 ባር በላይ አይነፋም፣ የሚቀበለውም የተፈቀደለትን ጎማ ብቻ ነው።

አብዛኛው ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው ግን የማይገጥም ዕቃ በመግዛት ነው። 700ሲ የሚባለው ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 622 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ከአሮጌው ጎማ ጎን አንብቡ። ቀጥሎ የኋላውን ቸርኬ አውጥታችሁ ቸርኬው በሚታሰርባቸው የፍሬሙ ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ቸርኬ ጨባጭ ፍሬን ያላቸው አብዛኞቹ 130 ሚሊሜትር፣ የቆዩት 126፣ ዲስክ ፍሬን ያላቸው 135 ወይም ወፍራም ፔርኖ የሚያልፍበት 12 በ142 ናቸው። የብረት ፍሬም ከ126 ወደ 130 በእጅ ከፈት ሊደረግ ይችላል። አሉሚኒየምና ካርቦን ግን በጉልበት አይነኩም፤ ይሰነጠቃሉ።

ከዚያ ካሴቱ የሚሰካበት ፍሪሀብ አለ። ባለ 11 ማርሹ የሺማኖ ኮርስ ፍሪሀብ ከባለ 8፣ 9 እና 10ሩ በ1.85 ሚሊሜትር ይረዝማል። አሮጌውን ካሴት አዲሱ ላይ ለማዋል ከኋላው 1.85 ሚሊሜትር ሮንዴላ ማስገባት ግድ ነው፤ አንዳንድ ባለ 10 ካሴት ሌላ የ1 ሚሊሜትር ይጨምራል። ሮንዴላው ከተረሳ መዝጊያው ቀለበት እስከ መጨረሻው ጠብቆ እንኳ ካሴቱ በእጅ ሲነካ ይነቃነቃል። አሮጌው ሞዞ ጥርሶቹ አንድ ላይ በጥምዝ የሚገቡበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ አዲስ ካሴትም ወጪው ውስጥ አስገቡ።

ሞዞው የሚፈታና የሚጠገን ይሁን። ልቅ ኳስ ያለው ርካሽ ሞዞ ኮኑን (ኳሶቹ ላይ የሚጠብቀውን ሾጣጣ ዳዶ) በጥንቃቄ ካጠበቁትና ግራሶው በጊዜ ከተቀየረ ዕድሜው ረጅም ነው። የኋላው አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ 9 ባለ ሩብ ኢንች ኳሶች ይይዛል። ሲስተካከል አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፈጣን መክፈቻው (ቸርኬውን ፍሬሙ ላይ የሚያስረው እጀታ) ሲጠብቅ ፔርኖውን በጥቂቱ ይጨምቀዋል። ስለዚህ ቸርኬው በእጅ ላይ እያለ እምብዛም የማይታወቅ ንቅናቄ ተዉለት፤ ፍሬሙ ላይ ሲታሰር ይጠፋል። በእጅ ላይ ልክ የመሰለው ከታሰረ በኋላ ኮኑን እየፋቀ ይጨርሰዋል። ዝግ ኩሽኔታ ያለው ደግሞ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 6902። በዚያ ቁጥር ከየትኛውም ኩሽኔታ ሻጭ ይገኛል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በሽቦ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የፀጉር መስመር የሚያክል ስንጥቅ ፈልጉ። ማስመሪያ ፍሬን በሚይዝበት ገጽ ላይ አጋድሙ፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ተበልቷል። ሁለቱም ጥገና የላቸውም።

በማሽን የተሠራ ርካሽ ቸርኬ ከመገጠሙ በፊት ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእጅ በኃይል ጨምቁ። ጣ ጣ የሚል ድምፅ ካሰማ የተጠመዘዙት ሽቦዎች እየተፈቱ ነው፤ ከዚያ መልሶ ማቃናት ያስፈልጋል። የቀኝ ሽቦዎች ውጥረት በአብዛኛው ከ100 እስከ 120 ኪሎ ኃይል ይሆናል፣ የቸርኬው አምራች ካስቀመጠው ጣሪያ ግን አይለፍ። በውስጥ የሚለጠፈው ቴፕ የሽቦ ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፤ ካላማዳሪው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው አቅጣጫ ከተበሳ ጥፋቱ የቴፑ ነው። የካሴቱን መዝጊያ በ40 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። አዲሱ ቸርኬ ከአሮጌው ሰፋ ሊል ስለሚችል የፍሬኑን ሽቦ አላሉና የፍሬን ጎማዎቹን እንደገና አስተካክሉ። ማርሹን በመጨረሻው ትልቅ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ መቀየሪያው ሽቦዎቹን የሚነካ ከሆነ የመገደቢያውን ብሎን ሳታስተካክሉ አትንዱ። ከመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ደግሞ የሽቦዎቹን ውጥረት አንድ በአንድ ፈትሹ።