የክሬዲት ካርድ ዕዳን ጨርሶ መክፈል፦ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ ስለሚመጣው ወለድ

ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ስለመውጣት የተሰጠ ምክር ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን በጀት አውጡ ብሎ ይጀምርና የመጨረሻው ክፍያ ላይ ሲደርስ ያበቃል። እኔንና ባለቤቴን ያንገበገበን ከዚያ ክፍያ በኋላ የመጣው ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የየካርዱን ቀሪ ዕዳ፣ ዓመታዊ ወለድና የመክፈያ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈርን፤ የካርድ ቁጥሮቹን ከስልካችን አጠፋን፤ በሁሉም ካርዶች ላይ ዝቅተኛውን ክፍያ እየከፈልን የተረፈንን ገንዘብ በሙሉ ወለዱ ከፍተኛ በሆነው ላይ አዋልን። በዝቅተኛው ክፍያ ብቻ ዕዳ ይቃለላል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ እንዲህ ብሎ ያስላ፦ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ፣ ማለትም በወር 2 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ ዝቅተኛው ክፍያም የቀሪው ዕዳ 2 በመቶ ከሆነ፣ የተከፈለው ሁሉ ወለድ ሸፍኖ ያልቃል፤ ዋናው ዕዳ ካለበት ፈቀቅ አይልም።

ለክፉ ቀን የብዙ ወራት ወጪ ሳታስቀምጡ ዕዳ መክፈል አትጀምሩ የሚለውን የተለመደ ምክር አልተቀበልነውም፤ ዛሬም አልቀበለውም። የቁጠባ ሂሳብ ከሚከፍለው ወለድ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወለድ በየቀኑ እየተቆረጠብን ገንዘብ አስቀምጦ ማየት ስሌቱ አይገባኝም። ለድንገተኛ ሕክምና የምትበቃ ጥቂት ገንዘብ ለይተን የቀረውን ለዕዳው አደረግን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በመጨረሻ የቀረን ካርድ የወሩ መግለጫ ሲደርሰን፣ በላዩ የተጻፈውን ጠቅላላ ዕዳ ከመክፈያው ቀን ቀደም ብለን አንድም ሳናጎድል ከፈልን። በቀጣዩ ወር በካርዱ ምንም ሳንገዛ ሌላ የወለድ ሂሳብ መጣ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ስንደውል «ከፍላችኋል፣ ምንም የለባችሁም፣ ሥርዓቱ ራሱ ያስተካክለዋል» አለችን። ሥርዓቱ ያስተካከለው ነገር አልነበረም፤ ይልቁንም ያ ወለድ ሳይከፈል የመክፈያው ቀን አለፈና የመዘግየት ቅጣት ተጨመረበት። ቅጣቱ ከወለዱ ይበልጥ ነበር።

ደጋግመን በደወልን ቁጥር ሌላ ሰው ያነሣል፣ ታሪኩን ከሥር እንድንጀምር ይጠይቀናል፣ የሚሰጠንም መልስ ከቀዳሚው ጋር አይገጥምም። ከሁሉም የሚያናድደው ነገሩ ከባድ ምስጢር አለመሆኑ ነው። ዕዳ ከወር ወደ ወር የሚያሸጋግር ሰው የእፎይታ ጊዜ፣ ማለትም ወለድ ሳይታሰብበት የሚከፍልበት ጊዜ፣ የለውም፤ ስለዚህ መግለጫው ከተዘጋበት ቀን አንሥቶ ክፍያው እስከሚገባበት ቀን ድረስ ወለዱ በየዕለቱ ይቆጠራል፣ የሚታየውም በሚቀጥለው መግለጫ ላይ ነው። ዕዳው 5,000፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ቢሆን የአንድ ቀን ወለድ 3.29 ያህል ነው፤ ከመግለጫው 20 ቀን ቆይቶ የከፈለ ሰው ሙሉውን 5,000 ቢከፍልም 66 ገደማ ዕዳ ይቀርበታል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረን የሚችል ሠራተኛ እስክናገኝ ድረስ የፈጀብን ጊዜ ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን እኛን አይደለም። ቅጣቱን የሰረዙልን በስልክ ሳይሆን አቤቱታውን በጽሑፍ፣ የከፈልንበትን ማስረጃ አያይዘን ካቀረብን በኋላ ነው። ወለዱን ግን ከፍለናል፤ በውሉ መሠረት የእነርሱ ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍል ሰው «ቀሪ ዕዳዬ ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅ። ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን ጠቅሶ «በዚህ ቀን ብከፍል ሂሳቡን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ስንት ነው?» ይበል፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ከዚያ በኋላ ምንም ዕዳ የሌለበት መግለጫ እስኪደርሰው በካርዱ ምንም ባይገዛ ይሻላል፤ ብዙ ካርድ ሰጪዎች የእፎይታ ጊዜውን የሚመልሱት መግለጫው በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲከፈል ብቻ ስለሆነ፣ በመካከል የተገዛ ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል።

ካርዱን መዝጋት የብድር ታሪክን ይጎዳል ስለሚባል ብዙዎች ባዶውን ያቆዩታል። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፤ የተፈቀደው ጠቅላላ የብድር መጠን ሲቀንስ በሌሎች ካርዶች ላይ ያለ ዕዳ ከዚያ አንጻር ትልቅ ሆኖ ይታያል። እኛ ግን በቅርብ ጊዜ ሌላ ብድር የመጠየቅ ሐሳብ ስላልነበረን ያን ካርድ ዘጋነው፤ መዘጋቱንና ቀሪው ዜሮ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም እስኪሰጡን ድረስ ጥያቄያችንን አላቆምንም።