ጣርማበርን በጎዋ ደን ውስጥ

የደብረ ብርሃን ልጅ በመሆኔ ጉምና ገደል ለእኔ አዲስ አይደሉም። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሕንድ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪዬን በምማርበት ጊዜ፣ የመንዝ ተወላጅ ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ወደ ዱድሳጋር ፏፏቴ ያደረግነው ጉዞ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ዱድሳጋር በጎዋና በካርናታካ ግዛቶች ወሰን ላይ፣ ምዕራባዊ ጋትስ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ይገኛል። የማንዶቪ ወንዝ በአራት እርከን እየተንደረደረ 310 ሜትር ያህል የሚወርድበት ስፍራ ሲሆን፣ ስሙም «የወተት ባሕር» ማለት ነው። ክረምታቸው እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ በእነዚያ ወራት የጂፑ መንገድ ይዘጋል፤ የሚከፈተው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። መሄድ የሚያስብ ሰው ውኃው ገና ሳይጎድል ያን ጊዜ እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከኩሌም መንደር በጂፕ ተነሥተን ጅረቶችን ስንሻገር ውኃው ወለሉ ድረስ ገብቶ ጫማችንን አራሰው። ከመኪናው ወርደን በዛፍ ሥርና በድንጋይ መካከል ጥቂት እንደተጓዝን ገደሉ በአንድ ጊዜ ፊት ለፊታችን ቆመ። በፏፏቴው ወገብ ላይ የባቡር ድልድይ ተዘርግቷል። እኛ እዚያ እያለን ባቡር መጣ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው የውኃውን ፍንጣቂ ሲቀበሉ ከታች ሆነን አየናቸው።

ጓደኛዬ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ይህ እኮ ጣርማበር ነው!» አለኝ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለውን የገደል ጠርዝ ማለቱ ነው። እውነቱን ነበር። በእኛ በኩል የበሬሳ ውኃ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ከጣርማበር በስተምሥራቅ ያሉት ወንዞች ገደሉን ወርደው ወደ አዋሽ ያመራሉ። ምዕራባዊ ጋትስም እንዲሁ ውኃን ለሁለት የሚከፍል የደጋ ጠርዝ ነው፤ ማንዶቪ ወደ ዓረቢያ ባሕር ሲወርድ፣ የክሪሽና ወንዝ ግን አገሩን አቋርጦ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል።

ልዩነቱ ደኑ ነው፤ ያሳዘነኝም እርሱ ነው። የዱድሳጋር ቁልቁለት በጥብቅ ደን የተሸፈነ ሲሆን፣ በእኛ ጠርዝ ላይ ግን የቀረው ሰፊ የተፈጥሮ ደን ወፍ ዋሻ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከዚህ አስወስደው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ለሌላው ዘር የሰጠ ደን ማለት ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ እንደተመለስኩ፣ ጥቅምት ላይ ወደ ወፍ ዋሻ ወረድኩ። ያገኘሁት ፏፏቴ ከዱድሳጋር ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ከዝናቡ ማብቃት በኋላም ውኃው ጥርት ብሎ ይወርድ ነበር። ከኮሶው ግንድ ላይ ያለውን የዛፍ ሽበት በእጄ ብጫነው እንደ ስፖንጅ ውኃ አንጠባጠበ። ጉሬዛዎቹ ከዝግባው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ወደ መንደሩ ስመለስ በጫካው ዳር አዲስ የተቆረጠ የጽድ ጉቶ አገኘሁ፤ ጎንበስ ብዬ ባሸተው መዓዛው ገና አልጠፋም ነበር።