142 ፍሬ ክሪስታል

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ከሻንጣዋ የጠበቅነው ሽቶና ጫማ ነበር። ሲከፈት ግን በፎጣና በሻርፕ የተጠቀለለ፣ ሲነኩት የሚንቃጨል ነገር ወጣ። «ሚጣዬ፣ ይሄ ለሳሎንሽ ነው» አለችኝ። ልጅ ወልጄ፣ 37 ዓመት ሞልቶኝም ለእሷ ሚጣ ነኝ።

ወለሉ ላይ አንሶላ ዘርግተን ቆጠርነው። 142 ፍሬ ክሪስታል። የሁለቱ ጫፍ ተሸርፏል፤ የቀሩት ደህና ናቸው። አብረውት ሦስት የብረት ቀለበቶች፣ ስድስት የአምፖል መያዣዎችና አንድ ሜትር ሰንሰለት አሉ። ተፈታቶ የመጣ፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል መብራት ነው። ከጎረቤት ሚዛን ተውሰን መዘንነው። 9 ኪሎ ሆነ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንዱን ፍሬ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። «ይሄ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው። እዚህ ቤት የት ሊሰቀል ነው?» አለች። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ቤቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሁለት መኝታ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ 2 ሜትር ከ60 ብቻ ነው። የሆቴል ሎቢ ውስጥ የምናየው ዓይነት መብራት እዚህ ቢሰቀል የሰው ግንባር ይመታል።

ሰቀልኩት። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና «እንዴት አደረግሽው?» ይለኛል። አንድ በአንድ ከምነግር ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። የተሰቀለ ዕለት ማታ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቤ መብራቱን አበራሁት። ምንም አልሆነም። በርቷል፤ ቤቱም ብሩህ ነው። ግን ክሪስታሉ እንደ ተራ ፕላስቲክ ፈዞ ቁጭ አለ። እህቴ ፊቷ ሲከፋ አየሁት። ያን ሁሉ መንገድ በፎጣ ጠቅልላ ያመጣችው ነገር ነው። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ልጅ ሳለሁ እማዬ ሥላሴ ካቴድራል ትወስደኝ ነበር። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ በባለቀለሙ መስታወት የሚገባው ብርሃን ሰው ነጠላ ላይ ሲያርፍ አይ ነበር። ደመና ሲመጣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ፀሐይ ስትመለስ ይመለሳል። ያን ሌሊት እሱ ትዝ አለኝ። መስታወቱ የራሱ ብርሃን የለውም። የሚሰጠው የተሰጠውን ነው። ታዲያ ለዚህ ክሪስታል እኔ የሰጠሁት ምን ዓይነት ብርሃን ነው?

የሰጠሁት ከሰፈር ሱቅ የገዛሁትን፣ ወተት የመሰለ ነጭ ሽፋን ያለውን ዴይላይት አምፖል ነበር። ችግሩ እሱ ነው። ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባም ሲወጣም አቅጣጫውን ይለውጣል። ቀይና ሰማያዊው እኩል ስለማይታጠፉ ነጩ ብርሃን ይበተንና ቀስተ ደመና ይሆናል። ይህ ጎልቶ የሚታየው ግን ብርሃኑ ከትንሽ ነጥብ ሲመጣ ነው። ሽፋን ያለው አምፖል ሁለንተናው ስለሚያበራ ከየቦታው የሚመጣው ብርሃን እርስ በርሱ ይደበላለቃል። ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቁና ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ብልጭታ የለም።

በማግስቱ መርካቶ ሄጄ ብርጭቆው ጥርት ያለ፣ ውስጡ ክር የሚታይ ኤልኢዲ ገዛሁ። ባለሙያዎቹ «ፊላመንት» የሚሉት ነው። ሞቅ ያለ ቢጫ፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 2700 ኬልቪን። እያንዳንዱ 4 ዋት ስለሆነ ስድስቱ በአንድ ላይ 24 ዋት ናቸው። እንደ ድሮው ባለ 40 ዋት አምፖል ቢሆኑ 240 ዋት ይበሉ ነበር። ማታ ስናበራው ጣሪያው ላይ የብርሃን ፍንጣቂ ተበተነ። ግድግዳው ላይ ትንንሽ ቀስተ ደመናዎች ወጡ። የ6 ዓመት ልጄ «ቢራቢሮ! ቢራቢሮ!» እያለች በእጇ ልትይዛቸው ሮጠች። እህቴ አለቀሰች። ስለዚህ ክሪስታል ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ፦ አምፖሉ ጥርት ያለ ይሁን።

ክሪስታል የሚባለው ሁሉም አንድ አይደለም። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የሚባል እንግሊዛዊ 1674 እ.ኤ.አ. ክሪስታል የሚመስል መስታወት የመሥራት መብት አገኘ፤ ቆይቶም የእርሳስ ኦክሳይድ ጨመረበት። እርሳሱ መስታወቱን ከባድ፣ ለመቁረጥ ምቹና ብልጭታው የበዛ አደረገው። የአውሮፓ ሕግ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ይጠይቃል። ዳንኤል ስዋሮቭስኪ ደግሞ ክሪስታል የሚቆርጥ ማሽን ፈልስፎ 1895 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ዋተንስ ላይ ፋብሪካውን ከፈተ። ከዚያ በፊት ይህ ሥራ በእጅ ነበር የሚሠራው። የእኔው «ኬ ናይን» የሚባለው ነው። ቻይናዎች ለሌንስም የሚጠቀሙበት፣ እርሳስ የሌለበት ጥርት ያለ መስታወት ነው። ለሳሎን ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ሱቅ ሄዳችሁ ስትገዙ በእጃችሁ ያዙት። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ቀላል ነው፤ እጅ ላይም አይቀዘቅዝም። መስታወት ቀዝቃዛና ከባድ ነው። ጠርዙን በጣት ዳብሱት። የተቆረጠው ስል ነው፤ በቅርጽ የፈሰሰው ጠርዙ ዶልዶም ይላል። ውስጡ የአየር አረፋ ካያችሁ ተዉት።

አሁን ወደ ከፍታው። ዝቅ ባለ ጣሪያ ላይ ክሪስታል መስቀል የሚቻለው ሰው በማይተላለፍበት ቦታ ብቻ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ሰው የማያልፍበት ቦታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠረጴዛዬ ከወለል 75 ሳንቲሜትር ነው። የመብራቱን ታችኛ ጫፍ ከጠረጴዛው በ80 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግሁት። ከ75 እስከ 90 ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ ዝቅ ካለ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይጋርዳል። ከፍ ካለ ደግሞ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ውበቱን ያጣል። ስፋቱም የጠረጴዛውን ግማሽ ያህል ነው፤ ጠረጴዛው 90፣ መብራቱ 45 ሳንቲሜትር። ዋናው ነገር ከመሰቀሉ በፊት ማየት ነው። እኛ በገመድ ፊኛ አንጠልጥለን ሁለት ቀን ከሥሩ ተቀምጠን በላን። ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረግነው።

የመብራቱ መስመር የወጣው የሳሎኑ መሃል ላይ ነው። ጠረጴዛው ያለው ግን ወደ በረንዳው ጠጋ ብሎ፣ 1 ሜትር ከ20 ርቆ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሸንፎ ጠረጴዛውን ወደ መሃል ይጎትታል። ከዚያ ማለፊያ ይጠፋል። ሽቦውን በጣሪያው ጂብሰም ውስጥ አሳልፎ ጠረጴዛው አናት ላይ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ጂብሰሙ ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ልቤን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ መብራቱን ጂብሰሙ ላይ በብሎን አሰረው። በአራተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ቀና ስል ክዳኑ ዙሪያ ጥቁር መስመር አየሁ። ጂብሰሙ ወደ ታች ረግቧል። ከሥሩ ልጄ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እንዴት ብድግ እንዳደረግኋት አላስታውስም። 9 ኪሎ መስታወት ነው።

ሌላ ባለሙያ መጣ። ዕድሜው የገፋ፣ ረጋ ያለ ሰው። «የኔ ልጅ፣ ጂብሰም የራሱን ክብደት እንጂ የሌላ አይችልም። ይሄ የሚታሰረው ሶሌታው ላይ ነው» አለኝ። ጂብሰሙን አልፎ ኮንክሪቱን በትራፓኖ በሳና የብረት መንጠቆ አጠበቀበት። ከዚያ መብራቱን አልሰቀለም። 25 ኪሎ ጤፍ በከረጢት አንጠልጥለን አሳደርነው። ጠዋት መንጠቆው ንቅንቅ አላለም። ያኔ ነው የሰቀለው። ክብደቱን የሚይዘው ሰንሰለቱ ነው፤ ሽቦው ላላ ብሎ በሰንሰለቱ መሃል ያልፋል። አካሉ ብረት ስለሆነ የኧርዝ ሽቦም አስገባለት። ለባለሙያ እንዲህ አድርግ ማለት የሚያሳፍረን ብዙ ነን። እባካችሁ አትፈሩ። ሶሌታው ላይ መታሰሩን በዓይናችሁ እዩ።

ብርሃኑን የሚቀንስና የሚጨምር ማብሪያ፣ ዲመር፣ ማስገባትም ወደድኩ። እንግዳ ሲኖር ደመቅ፣ እራት ላይ ቀነስ። አምፖሉ ላይ በዲመር እንደሚሠራ ካልተጻፈበት ግን ይርገበገባል፤ ቶሎም ይቃጠላል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ክሪስታል ከዘመናዊ ቤት ጋር ይሄዳል ወይ?» ብሎ ነው። ይሄዳል። ኒውዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ 1966 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሎብማየር የሚባለው የቪየና መስታወት ሠሪ ድርጅት የሠራቸው ክሪስታል መብራቶች ተሰቀሉበት። ወርቃማ ቅጠልና ጥምዝምዝ ክንድ የላቸውም። ከመሃል ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተኑ ዘንጎች ናቸው፤ የሚፈነዳ ኮከብ ይመስላሉ። በመጀመሪያዋ የሶቪየት ሳተላይት ስም ስፑትኒክ ይሏቸዋል። የእኔውም ቀለበቶቹ ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር ብረት ናቸው። ወርቃማ ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት አይችለውም ነበር።

የሚከብደው ዙሪያውን ማረጋጋት ነው። አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ሌላው ዝም ማለት አለበት። እኔ የሚያብለጨልጨውን መጋረጃ አወረድኩ። ግድግዳውን አሸዋማ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም አስቀባሁ። ጠረጴዛው የዋንዛ እንጨት ነው፤ መስታወቱን ከላዩ አነሳሁለት። ጥግ ላይ የአያቴ መሶብ አለ። የተሰፋው አክርማና ጥቁሩ ጀበና ከክሪስታሉ ጋር እንዲህ ይዋደዳሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሻካራው ነገር ጥርት ያለውን ያጎላዋል። ጂብሰም ውስጥ የሚገባውን ሰማያዊና ሐምራዊ የኤልኢዲ መስመር ግን አጠፋሁት። እሱ ሲበራ የክሪስታሉ ቀለም በሙሉ ይሰወራል። ይህን ስል ቅር የሚላቸው ጓደኞች አሉኝ። አንድ ማታ አጥፍተው ይሞክሩት።

ጽዳቱ ሌላ ነገር ነው። እኛ ቤት ቅዳሜና እሑድ ቡና ይፈላል። የሚቆላው ቡና ጭስና እጣኑ ክሪስታሉ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ አቧራው ደግሞ እዚያ ላይ ይለጠፋል። በሦስት ወር ብልጭታው ይቀንሳል። ቡናውን አላቆምም። ስለዚህ ረከቦቱን ወደ በረንዳው በር አዞርኩት፤ በዓመት ሁለቴ ደግሞ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አጸዳለሁ። ብሬከሩን አወርዳለሁ። አምፖሎቹ እስኪበርዱ እጠብቃለሁ። አንድ እጅ የፋርማሲ አልኮል ከሦስት እጅ ዲስቲልድ ውሃ ጋር እቀላቅላለሁ፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። መብራቱ ላይ አልረጭም፤ ጨርቁን ነው የማረጥበው። የጣት አሻራ እንዳይቀር የጥጥ ጓንት አጠልቃለሁ። ከማውረዴ በፊትም በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፤ የትኛው ከየት እንደወረደ ይምታታል። 142 ፍሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድብኛል። ሁለቱን የተሸረፉትን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምሰቅላቸው።

ባለፈው ፋሲካ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ ዶሮ ወጡ ወጥቷል። ልክ ልንቆርስ ስንል መብራት ጠፋ። ልጄ «እማ!» ብላ ያዘችኝ። እማዬ ግን ጣጣ አላበዛችም። ከቤተ ክርስቲያን ተርፎ የያዘችውን ጧፍ ለኮሰችና ሲኒ ውስጥ አቁማ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

ክሪስታል መስቀል የተጀመረው አምፖል ሳይኖር ነው። ያኔ ያለው ሻማ ነበር። አንዱን ነበልባል ብዙ አድርጎ እንዲያሳይ ነው መስታወቱ የተሰቀለው። ይህን ሳውቀው ኖሬ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም ነበር። የአንዲት ጧፍ ነበልባል 142 ቦታ ገባች። በረንዳው በኩል ነፋስ ሲገባ ነበልባሏ ትወዛወዛለች፤ ጣሪያው ላይ ያለው ብርሃንም አብሯት ይሄዳል። ማንም አልተናገረም።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ በቪዲዮ፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል።

«ምነው ጨለማ ሆነባችሁ?» አለች።

እማዬ ስልኩን ተቀበለችኝና ወደ ላይ አዞረችው።

«ይኸውልሽ» አለቻት። «ያንቺው ነው።»